ሥራ አገኘሁ፤ ግን ፈራሁ

«ለተከበሩ እትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ለመጻፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ዜግነትም አግኝቻለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ ስምንት፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአባታቸው ጋር ከተለያየን በኋላ ሥራዬንም አጣሁና ዌልፌር (የመንግሥት እርዳታ) ገባሁ፤ አሁን 22 ወር ሞላኝ። በወር 560 ዶላር ካሽ፣ ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ እርዳታ) እና ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) አገኛለሁ። የምኖረው በአንዲት ያገሬ ልጅ ቤዝመንት ውስጥ ነው።

«ሰሞኑን አንድ ሆቴል ክፍል ለማጽዳት ልቅጠርሽ ብሎኛል። በሰዓት 17 ዶላር፣ በሳምንት 30 ሰዓት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። አከራዬ ‘ካሹ ከተዘጋ ፉድ ስታምፑም ሜዲኬዱም አብሮ ይቆረጣል፤ ይልቅ በእጅ የሚከፍል ምግብ ቤት ላገናኝሽ፤ ማንም አያውቅብሽም’ ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ‘የመንግሥት እጅ ማየት ይብቃሽ፤ ሁሉንም አዘጊና እንደ ሰው ሠርተሽ ኑሪ’ ይላል። አባታቸው ሌላ ስቴት ነው ያለው። ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ) ተፈርዶበታል፤ በእጄ የገባ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። ከዌልፌር የወጡ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ይሆናል? ሥራው ባይሳካልኝስ ተመልሼ ብሄድ ይቀበሉኛል?

«የሁለት ልጆች እናት»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሥራውን ያዢው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው «ግን» ብዙ ስለሆነ፣ መሐል ላይ ደክሞሽ ማንበብ ብታቆሚ እንኳ መልሱ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው አስቀድሜ የነገርሁሽ።

አከራይሽና ወንድምሽ የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ስህተታቸው አንድ ነው። እሷ ካሹ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል ብላ ታስፈራራሻለች፤ እሱ ካሹ ሲሄድ ሁሉም ይሂድ ይላል። ሁለቱም ካሹን፣ ፉድ ስታምፑን፣ ሜዲኬዱንና የደይኬር (የሕፃናት መዋያ) ድጎማውን እንደ አንድ ነገር ቆጥረዋቸዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕግና የራሱ የገቢ ጣሪያ አለው። አንድ የሚመስሉት በአንድ ቢሮ፣ ብዙ ጊዜም ጉዳይሽን በሚከታተል በአንድ ሠራተኛ (ኬዝ ወርከር) እጅ ስለሚያልፉ ብቻ ነው።

የወጡ ሰዎች መጨረሻ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኛል። በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል፤ ምክንያቱም በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዌልፌር ወጥቷል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1996 የፈረሙት ሕግ የቀድሞውን የቤተሰብ እርዳታ ሽሮ አሁን ታንፍ የሚባለውን፣ አንቺ ካሽ የምትይውን እርዳታ፣ አመጣ። ተረጂዎች መሥራት ወይም ለሥራ መዘጋጀት ግዴታቸው ሆነ፤ በፌዴራል ገንዘብ መረዳትም በዕድሜ ልክ በ60 ወር ተወሰነ። በ1994 ወደ 5 ሚሊዮን የደረሰው የተረጂ ቤተሰብ ቁጥር በ2000 ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ጊዜ ሕጉን የደገፈውም የተቃወመውም «እነዚህ እናቶች የት ደረሱ?» ብሎ ይከታተል ጀመር። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤትን የመሰሉ ተቋማት ሥራዬ ብለው ለዓመታት አጥንተውታል።

የተገኘው ውጤት እንደ ወንድምሽ ምኞት ያማረ አይደለም፤ እንደ አከራይሽ ወሬም የጨለመ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከወጡት እናቶች መካከል በተጠየቁበት ጊዜ ከ10 ስድስት ያህሉ በሥራ ላይ ነበሩ። በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ የሠሩት ይቆጠሩ ከተባለ ደግሞ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ሠርተዋል። ስለዚህ «ከዌልፌር የወጣ ሰው ሥራ አይገኝለትም» የሚለው ወሬ ብቻ ነው። የሚያሳስበው ሌላው ጎን ነው። የያኔው ደመወዝ በሰዓት ከ7 እስከ 8 ዶላር ቢሆን ነው። ከሩብ የሚበልጡት የሚሠሩት በአብዛኛው በምሽት ነበር። ሲሶ ያህሉ ገንዘብ አጥተው ምግብ የቀነሱበት ወይም የዘለሉበት ጊዜ እንደነበረ ተናግረዋል። ከአራት ወይም ከአምስት ቤተሰብ አንዱ ያህል ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ዌልፌር ገብቷል።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከወጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ፉድ ስታምፕ ማግኘት ይገባቸው ነበር፤ የሚቀበሉት ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። አንዳንዷ «ካሹ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳት ሁሉም የተዘጋ መስሏት ቀረች። ሌላዋ ሥራ ጀምራ ለቀጠሮ ፈቃድ ስለተከለከለች ወረቀቷ ጊዜው አለፈበት። የሚገባትን የቢሮው ኮምፒውተር በስህተት የቆረጠባትም ነበረች። ምግብ ከዘለሉት መካከል ስንቷ እናት በገዛ መብቷ ልትበላ ትችል እንደነበር አስቢው። አከራይሽ የምትነግርሽ ወሬ የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ ይመስለኛል። የሰማችው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

አሁን ወደ ራስሽ ሒሳብ እንምጣ። በሳምንት 30 ሰዓት በ17 ዶላር 510 ዶላር ነው፤ በወር 2,210 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሽ ሲነሣለት በእጅሽ የሚገባው ከ2,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ካሹ መዘጋቱ አይቀርም፤ በዚህ ገቢ ብዙ ስቴቶች አይሰጡም። ፉድ ስታምፑስ? ለሦስት ሰው ቤተሰብ የጠቅላላ ገቢው ጣሪያ በወር 2,900 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚህም ከፍ ያደረጉት ስቴቶች ብዙ ናቸው። አንቺ ከጣሪያው በታች ነሽ። መጠኑ ግን ይቀንሳል። አቀናነሱ እንዲህ ነው፤ ከደመወዝሽ 20 በመቶው አስቀድሞ ሳይቆጠር ይቀራል። ከዚያ ለሁሉም የተወሰነው ተቀናሽ፣ ለደይኬር ከኪስሽ የምትከፍይው፣ የቤት ኪራይና መብራት ሲከብድሽም የእሱ ድርሻ ይነሣል። ከተረፈው 30 በመቶው ለምግብ ልታወጪው የምትችይው ተብሎ ይያዝና ለሦስት ሰው ከሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ላይ ይቀነሳል። ከፍተኛው መጠን አሁን በአብዛኛው ስቴት 785 ዶላር ስለሆነ፣ ያንቺ ከ300 ዶላር በታች ይወርዳል ብዬ አልገምትም። ኪራይሽ ከባድ ከሆነ ወደ 400ም ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የኪራይ ደረሰኝ ከአከራይሽ ጠይቂ። ቤዝመንት አከራዮች ወረቀት መጻፍ አይወዱም፤ ያለ ወረቀት ግን ኪራይሽ አይቆጠርልሽም።

ድምሩን ስናየው፣ አሁን ካሽሽና ፉድ ስታምፕሽ አንድ ላይ ቢበዛ 1,345 ዶላር ነው። ሥራ ስትገቢ ደመወዝና የተቀነሰው ፉድ ስታምፕ ተደምሮ ወደ 2,400 ይደርሳል። ልዩነቱ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። ጥሩ ነው አይደል? ለሦስት ዓመት ልጅ ያለ ድጎማ ደይኬር ደግሞ በብዙ ከተማ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። አየሽው? ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ አንዱ ቢጎድል፣ ሌሊት ተነሥተሽ የሰው አልጋ እያነጠፍሽ ኪስሽ የሚገባው የበፊቱ ብር ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጭንቀትሽን ሁሉ የሕፃኗ ነገር ላይ አድርጊው።

ለኬዝ ወርከርሽ «ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከታንፍ እየወጣሁ ነው፤ የደይኬር ድጎማ እፈልጋለሁ» በያት። ይህን በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሪ፤ ምክንያቱም በብዙ ስቴቶች ለድጎማው ወረፋ አለ፤ ከታንፍ የሚወጣ ቤተሰብ ግን ብዙ ቦታ ቅድሚያ ያገኛል። ቅድሚያው ዛሬ አለሽ፤ ቆይተሽ ብታመለክቺ ግን ላይኖርሽ ይችላል። ድጎማው አንዴ ከተፈቀደ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ ለ12 ወር ይጸናል፤ በመሐሉ ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ሌላ እስክትፈልጊ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጥሻል። ሄድ ስታርት የሚባለው ነጻ የሕፃናት ትምህርትም አለ። ታንፍ ወይም ፉድ ስታምፕ የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ያለ ሌላ የገቢ ምርመራ ብቁ ነው፤ ልጅሽ ዕድሜዋ ደርሷል። ቦታ ስለሚሞላ ግን ዛሬ ነገ አትበይ።

ሆቴል ውስጥ ደግሞ ሥራ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ደይኬሩ የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው። ብዙ እናት ከሥራ የወጣችው ሰንፋ ሳይሆን በዚህ ነው። ሁለት ቅዳሜ ቀረች፣ ሦስተኛው ላይ «አትምጪ» ተባለች። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የሥራ ፕሮግራሙን የሚያወጣው ማን እንደሆነና ስንት ቀን ቀደም ብሎ እንደሚለጠፍ ጠይቂ። በብዙ ስቴቶች ድጎማው ለዘመድ ወይም ለጎረቤትም ሊከፈል ይችላል፤ የወንጀል ማጣሪያና የደኅንነት ሥልጠና ሊጠየቅ ይችላል እንጂ ክልክል አይደለም። ማን ያውቃል፣ በእጅ ክፍያ ልታሠራሽ የፈለገችው አከራይሽ ልጅሽን በመያዝ ሕጋዊ ቼክ ትቀበል ይሆናል።

ወንድምሽም ይምጣ። ልጅ ካለው ከመንግሥት የልጅ ታክስ ክሬዲት በየዓመቱ ይወስዳል፤ «የመንግሥት እጅ አያለሁ» ሲል ግን አልሰማሽውም። የክብር ነገር እንደሚያሳስበው ይገባኛል፤ እኛ ተረጂ መባልን እንደ ነውር እያየን ነው ያደግነው። ነገር ግን ሠርታ ደመወዟ ለልጆቿ ያልበቃት እናት ፉድ ስታምፕ ብትይዝ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ሕጉ የወጣው ለሠራተኛም ጭምር ነው፤ 20 በመቶው የሚቀነሰውም ደመወዝ ላለው ሰው ብቻ ነው። እህቱ ራሷን እንድትችል ከልቡ ከፈለገ ቅዳሜ ልጆቹን ይያዝልሽ። ከምክሩ ይልቅ እሱ ይጠቅምሻል።

ሜዲኬድን በተመለከተ የልጆችሽ ነገር አያስጨንቅሽ። በዚህ ገቢ በየትኛውም ስቴት ይሸፈናሉ፤ ከ2024 ጀምሮም የልጆች ሽፋን አንዴ ከተፈቀደ በመሐል ገቢ ቢለዋወጥ ለ12 ወር አይቋረጥም። ያንቺ ግን እንደ ስቴትሽ ነው፤ የት እንደምትኖሪ አልጻፍሽልኝም። ሜዲኬድን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዋቂዎች ሁሉ ያስፋፉ ስቴቶች ውስጥ ከሆንሽ በዚህ ደመወዝ ትቀጥያለሽ። ካላስፋፉት ውስጥ ከሆንሽ ደመወዝሽ በአብዛኞቹ ከወላጆች ጣሪያ በላይ ነው። ያን ጊዜ «የመሸጋገሪያ ሜዲኬድ» የሚባል አለ፤ ከመውጣትሽ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ቢያንስ ሦስቱን ሜዲኬድ ከነበረሽና የጠፋውም ደመወዝ በመጨመሩ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ይሰጥሻል። በየጥቂት ወሩ ገቢሽን የሚጠይቅ ቅጽ ይመጣል። ቅጹን ሳትሞይ ብትቀሪ ይዘጋል።

ስለ ወረቀት ካነሣን ዘንድ፣ የደመወዝ ወረቀትሽን አንዱንም አትጣይ። ቢሮው ገቢሽን የሚገምተው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይቶ ነው። የበዓል ሰሞን ተጨማሪ ሰዓት ሠርተሽ ያንን ወረቀት ብትሰጫቸው ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል የምታገኚ ይመስላቸዋል። «ይህ ሳምንት ተጨማሪ ሰዓት ነበረበት፤ የተለመደው 30 ነው» ብለሽ በጽሑፍ አያይዢ። ቀዝቃዛ ወራት ሲመጡ ሆቴሉ ሰዓትሽን ወደ 20 ቢያወርደውም በዚያው ሳምንት አስታውቂ፤ ፉድ ስታምፕሽ ከፍ ማለት አለበት፤ እነሱ ግን ካልነገርሻቸው አያውቁም። ከቢሮው የመጣ ማንኛውም ደብዳቤ ሳይከፈት አይደር። የሚቆርጡብሽ ከሆነ ይግባኝ የማለት መብት አለሽ፤ ለፉድ ስታምፕ እስከ 90 ቀን ድረስ መጠየቅ ይቻላል። በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው የመቁረጫ ቀን በፊት ከጠየቅሽ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሳይቋረጥ ሊቆይ ይችላል፤ ብትረቺ መልሰሽ ልትከፍይ እንደምትችዪ ግን እወቂ። የአማርኛ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይገባሻል፤ የስምንት ዓመቱን ልጅ ለዚህ ሥራ አትውሰጂው።

በእጅ የሚከፍለውን ምግብ ቤት እርሺው። ገቢ ደብቆ ፉድ ስታምፕ መውሰድ ሲረጋገጥ የወሰድሽውን ትመልሻለሽ፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓመት፣ ለሁለተኛ ሁለት ዓመት፣ ለሦስተኛ ጊዜ እስከ መጨረሻው ትታገጃለሽ። ክስም ሊኖር ይችላል። አከራይሽ «ማንም አያውቅም» ያለችው ውሸት ነው፤ በመጀመሪያ ደረጃ እሷ ታውቃለች። ተይዘሽ ባታውቂ እንኳ ትከስሪያለሽ፤ በእጅ የተከፈለ ገንዘብ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ አይቆጠርልሽም፤ ለዚያ 40 ክሬዲት፣ ማለትም በተለምዶ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። አሠሪው ቢያሰናብትሽ የሥራ አጥ ክፍያ የለሽም። ያላስመዘገብሽው ገቢ የታክስ ተመላሽም አያመጣልሽም፤ እሱ ደግሞ ቀላል ገንዘብ እንዳይመስልሽ።

ኢአይቲሲ የሚባለው የሠራተኛ ታክስ ክሬዲት ለካሽ ተረጂ የለም፤ ለሚሠራ እንጂ። በዚህ ደመወዝ ዓመቱን ሙሉ ብትሠሪ፣ ሁለት ልጆች ስላሉሽ፣ ከ6,000 ዶላር በላይ ይደርስሻል። በዚያ ላይ ከልጅ ታክስ ክሬዲቱ ለአንድ ልጅ እስከ 1,700 ዶላር ድረስ ታክስ ባይኖርብሽም ተመላሽ ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለፉድ ስታምፕም ለሜዲኬድም እንደ ገቢ አይቆጠርም፤ ባንክ ብታስቀምጪው ለ12 ወር እንደ ሀብትም አይታይብሽም። ታክስሽን ቪታ በሚባለው ነጻ አገልግሎት አሠሪ። «ዛሬውኑ ብር እሰጥሻለሁ» የሚል የታክስ ሠራተኛ ከተመላሽሽ ላይ ስንት እንደሚቆርጥ ብታይ ትደነግጫለሽ። ኢአይቲሲ ያለበት ተመላሽ በሕግ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ በፊት ለማንም አይለቀቅም፤ ጠብቂው።

ስለዚህ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ገባች ሲባል ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ይበዛል፤ ዕቁብ ግቢ የሚልሽም አይጠፋም። አትስጪ አልልሽም፤ እኔም እንዲያ ማለት አልችልም። ግን ከዚያ ተመላሽ ላይ ሁለት የኪራይ ወር የሚሆን አንሥተሽ አስቀምጪና ስላለው ለማንም አትንገሪ። መኪናው ሲበላሽ ወይም ልጅ ታሞ ሳምንት ስትቀሪ ሥራሽን የሚያተርፍልሽ እሱ ነው። የኪራይ መጠባበቂያ ሳይኖራት ከዌልፌር የወጣች እናት ብዙ ጊዜ የምትመለሰው በአንዲት እንዲህ ባለች ሳምንት ነው።

የልጆችሽን አባት ቻይልድ ሰፖርት «አይቼ አላውቅም» ማለትሽ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ካሽ ስትወስጂ ያን ገንዘብ የመሰብሰብ መብትሽን ለስቴቱ አሳልፈሽ ፈርመሻል፤ ይህ የታንፍ ግዴታ ነው። ሰውየው ቢከፍልም ስቴቱ ለሰጠሽ ካሽ ማካካሻ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉን ለቤተሰቡ የሚያሳልፉ ስቴቶች አሉ፤ የማያሳልፉም አሉ። ከወጣሽ በኋላ ግን በየወሩ የሚከፈለው ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወደ ቻይልድ ሰፖርት ቢሮ ደውለሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፤ እስካሁን የከፈለው አለ ወይ፤ ከታንፍ መውጣቴ ተመዝግቧል ወይ፤ አድራሻዬና የባንክ ሒሳቤ ትክክል ነው ወይ። ፋይልሽ ስትወጪ አይዘጋም፤ አገልግሎቱ ይቀጥላል። ታንፍ ወስደው የማያውቁ ሰዎች የሚጠየቁት ዓመታዊ 35 ዶላርም አንቺን አይመለከትም። ሰውየው ሌላ ስቴት መሆኑ ያዘገያል እንጂ አያስመልጠውም፤ ስቴቶቹ አንዱ ለሌላው ያስፈጽማሉ።

«ብመለስ ይቀበሉኛል?» ላልሽው፣ አዎ፣ ማመልከት ትችያለሽ፤ በሥራ መውጣት የሚያስቀጣ ነገር የለበትም። ከ60 ወር 22ቱን ተጠቅመሻል፤ 38 ቀርቶሻል። ይህ የፌዴራሉ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ገደብ ያላቸው ስቴቶች ስላሉ ያንቺን አጣሪ። ካሹ ሲዘጋ ቆጠራውም ይቆማል። ለዚህ ነው ሰዓትሽን ቀንሰሽ ትንሽ ቼክ እየወሰድሽ መቆየትን የማልመክርሽ፤ የ80 ዶላር ቼክ የወሰድሽበት ወርም ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። እነዚያን ወራት ለክፉ ቀን አስቀምጫቸው። በሌላ በኩል መመለስ እንደ ድሮው ቀላል ነው አልልሽም፤ በ1996 ከ100 ድሃ ቤተሰቦች 68ቱ ካሽ ያገኙ ነበር፤ በ2020 ግን 21 ብቻ። በሩ ጠቧል፤ ማመልከቻው ረጅም ነው፤ የሥራ ግዴታውም በብዙ ስቴቶች ወዲያው ይጀምራል።

ስለዚህ ሥራው ቢቋረጥ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ ካሹ አይሁን። በዚያው ሳምንት የሥራ አጥ ክፍያ አመልክቺ፤ ሰዓት ሲቀንሱብሽም በከፊል የሚከፈልበት ሁኔታ አለ። የሚሰጥሽ ግን ጥቂት ወራት ከሠራሽ ነውና ከሆቴሉ ቶሎ አትውጪ፤ ከወጣሽም በራስሽ ፈቃድ እንደለቀቅሽ የሚል ወረቀት ላይ ሳታነቢ አትፈርሚ። በዚያው ቀን ፉድ ስታምፕሽ እንዲታረም ጠይቂ። ተቋርጦብሽ ከነበረም ስምሽንና አድራሻሽን ብቻ ሞልተሽ የፈረምሽበትን ማመልከቻ እንኳ ቶሎ አስገቢ፤ የሚታሰብልሽ ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ ነው። ቤት ውስጥ ምንም ከሌለ «አስቸኳይ» የሚለውን ጥያቄ ሳትመልሺ አትለፊ፤ ብቁ ከሆንሽ በ7 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ካሹ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

የምትኖሪበትን ስቴት ጽፈሽ ላኪልኝ። ያንቺ ሜዲኬድ፣ የደይኬሩ ወረፋና አባታቸው የከፈለው ካለ ስንቱ እንደሚያልፍልሽ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ እነዚህን ሦስቱን በተለይ አይቼ እመልስልሻለሁ። እስከዚያው ለሆቴሉ «እሺ» በያቸው፤ የሚጀመርበትን ቀን ግን ሕፃኗን የሚይዝልሽ ሰው ወይም ቦታ ከተረጋገጠ በኋላ አድርጊው።